ጤናማ ልማድን ስለ መትከል፣ ጎጂውን ስለ መንቀል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስኳር ለመቀነስ፣ በእግር ለመሄድ፣ ኪኒን በሰዓቱ ለመዋጥ፣ ሲጋራ ለመተው የሚታገሉ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ልማድ በትክክል ምንድን ነው?

ሳናስብበት የምናደርገው ነገር ነው። ሻይ ሲቀርብልዎ እጅዎ ወደ ስኳር ዕቃው የሚሄደው «ልጨምር ወይስ ይቅር?» ብለው ስለወሰኑ አይደለም፤ ብርጭቆው ስለቀረበ ነው። አንድን ነገር በአንድ ቦታ ወይም በአንድ ሰዓት ደጋግመን ስናደርግ ቦታው ወይም ሰዓቱ ራሱ ምልክት ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ሲመጣ ድርጊቱ ሳይጠራ ተከትሎት ይመጣል። ሳይንቲስቶች ይህን ሥራ በዋናነት ባሳል ጋንግሊያ ከሚባለው የአንጎል ውስጠኛ ክፍል ጋር ያያይዙታል።

ነገሩ በራሱ መልካም ነው። ጫማ ስናስር፣ በር ስንቆልፍ፣ ጥርሳችንን በመፋቂያ ስንፍቅ ሐሳባችን ሌላ ቦታ መዋል የሚችለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ተሳታፊዎቹ በየሰዓቱ የሚያደርጉትን እንዲመዘግቡ አድርጎ፣ ከተመዘገበው 43 በመቶ ያህሉ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ በተለመደ ቦታ የሚደጋገም ሆኖ አግኝቶታል። ግማሽ የሚጠጋው ውሏችን አስቀድሞ የተያዘ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጎጂ ልማድ ያለበት ሰው ሰነፍ ወይም ክፉ አይደለም፤ ሁላችንም ያለን ችሎታ ለማይጠቅመው ነገር ውሎበት ነው።

ጎጂ መሆኑን እያወቅሁ ለምን እደግመዋለሁ?

ማወቅ ሌላ፣ መልመድ ሌላ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ሲኒማ ቤት ለገቡ ሰዎች ፈንዲሻ አደሉ፤ ለገሚሱ ትኩስ፣ ለገሚሱ ሳምንት ያለፈው። ያረጀው ፈንዲሻ እንደማይጥም የቀመሱት ራሳቸው ተናግረዋል። ሆኖም ሲኒማ ሲገቡ ፈንዲሻ መብላት የለመዱት ሰዎች ያረጀውንም የትኩሱን ያህል በሉት። ከሁሉ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ያው ፈንዲሻ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ሲቀርብ ልማደኞቹም ያረጀውን ተዉት። ሲኒማው ውስጥ ደግሞ በማይሠሩበት እጅ እንዲበሉ ሲደረግ እንደዚሁ። እጃቸውን ይወስደው የነበረው ጣዕሙ ሳይሆን ወንበሩ፣ ጨለማውና ስክሪኑ ነበር።

ስለ ሲጋራ ጉዳት ከማንም በላይ የሚያውቅ ሐኪም ሲያጨስ የምናየውም ለዚህ ነው። ራስን መገሠጽ ብዙም አይረዳም። የሚረዳው «ይህን ነገር የማደርገው የት ሆኜ ነው? በስንት ሰዓት? ከማን ጋር? ከምን ቀጥሎ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ምንም ለመቀየር ሳይሞክሩ ለ1 ሳምንት መልሱን ብቻ ይጻፉ። ብዙ ሰው «ሁልጊዜ ነው የማጨሰው» ይላል፤ ሲጽፈው ግን ከምሳ በኋላ፣ ከማኪያቶ ጋርና አለቃው ከተቆጣው በኋላ ሆኖ ይገኛል።

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ቁጥሩ የመጣው ከአንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚወስድባቸው ጻፈ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ «ቢያንስ» የምትለው ቃል ወደቀች፤ መልክን መላመድም ልማድ መትከል ተደረገ።

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ውጤት ወደ እውነቱ ይቀርባል። ሰዎቹ የመረጡት ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ውኃ መጠጣት፣ ከእራት በፊት መሮጥን የመሰለ ነገር ነበር። ድርጊቱ ያለ ትግል የሚሆንበት ደረጃ ላይ ለመድረስ መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ። አንዱን 18 ቀን በቃው፤ ለሌላው እስከ 254 ቀን ሊሄድ እንደሚችል ተሰላ። ውኃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ስለዚህ በ22ኛው ቀን አሁንም ከከበደዎ ምንም አልተበላሸም። እኔ ሁለት ወር ያህል እንደሚከብድ አስቀድሞ አውቆ መጀመርን እመክራለሁ።

ከየት ልጀምር? ብዙ የሚስተካከል ነገር አለብኝ።

ከአንድ ነገር፤ ያውም ትንሽ ከሆነ ነገር። ዕንቁጣጣሽ ሲደርስ «ዘንድሮ ስፖርት እሠራለሁ፣ ስኳር አቆማለሁ፣ በጊዜ እተኛለሁ፣ ስልክ እቀንሳለሁ» ብለን አራቱን አንድ ላይ እንይዛለን፤ ደመራ ሳይለኮስ አራቱም የሉም። አዲስ ዓመትም ሆነ ሰኞ ለመነሻ ጥሩ ቀን ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር የለኝም። የሚጥለን ጭነቱ ነው።

«ትንሽ» ስል እጅግ በመጥፎ ቀን እንኳ የሚደረግ ማለቴ ነው። ደክሞዎ፣ ዝናብ ጥሎ፣ መብራት ጠፍቶ የማይቀር። 10 ደቂቃ መራመድ እንጂ 1 ሰዓት መሮጥ አይደለም። መጠኑ በኋላ ራሱ ያድጋል፤ መጀመሪያ መተከል ያለበት መምጣቱ ነው።

ጠዋት ስፖርት እጀምርና በሳምንቱ እተወዋለሁ። ምን ላድርግ?

«ጠዋት» ሰፊ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ስፖርት እሠራለሁ» የሚለውን ዕቅድ «ጠዋት የቤቱን በር ቆልፌ ስወጣ እስከ ሁለተኛው ታክሲ ፌርማታ በእግሬ እሄዳለሁ» ወደሚል ይለውጡት። ይህ እንዲህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ ብሎ አስቀድሞ ማሰር ጥሩ ምኞት ብቻ ከመያዝ እንደሚበልጥ በብዙ ጥናት ታይቷል። አዲሱን ነገር የሚያስሩበት አሮጌ ልማድ ደግሞ ከማንቂያ ደወል ይበልጣል። በሩን በየቀኑ ይቆልፋሉ። መቆለፍዎን የሚያስታውስዎ አያስፈልግም።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው፤ ትንፋሽ ሞቅ ይላል፣ ግን ማውራት ይቻላል። ጂም ቤት መመዝገብ ግዴታ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» እሑድ ጠዋት አስፋልቱን ለሯጭና ለሕፃናት ሲለቅ ያየ ሰው፣ ቦታ ሲመቻች ስንት ሰው እንደሚንቀሳቀስ ያውቃል።

የደም ግፊት ኪኒኔን መዋጥ እረሳለሁ።

ኪኒኑን ከመሳቢያ አውጥተው ጠዋት በግድ ከሚነኩት ዕቃ አጠገብ ያኑሩት፤ ከመፋቂያው ወይም ከጥርስ ብሩሹ ጎን፣ ልጆች ከማይደርሱበት ቦታ። ብዙዎቹ የግፊት መድኃኒቶች በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚወሰዱ ልማድ ለመትከል እጅግ የተመቹ ናቸው። ሰባት ክፍል ያለው የኪኒን ማስቀመጫ ካገኙ «ዛሬ ውጫለሁ ወይስ አልዋጥኩም?» የሚለው ጭንቀትም ይቀራል። ደህና ሆኛለሁ ብሎ ማቋረጥ ግን መርሳት አይደለም፤ እሱን ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ አያድርጉት።

እኔ ቆራጥ ሰው አይደለሁም። ቆራጥነት ከሌለኝ እንዴት እለወጣለሁ?

አንድ ጥያቄ ልመልስልዎ። ዓቢይ ጾምን ይጾማሉ? ከሆነ 55 ቀን ሙሉ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምሱ ይቆያሉ። ያው ሰው ሐኪም «ለሁለት ሳምንት ቅባት ቀንስ» ሲለው በሦስተኛው ቀን ይሸነፋል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ሲጋራ በአፉ የማያስገባ አጫሽም እንደዚሁ ነው፤ አፍጥር ሲደርስ ብቻ ይለኩሳል። ጾም የሚጾመው ለፈጣሪ ነው እንጂ ለጤና ብቻ አይደለም፤ ያንን ማሳነስ አልፈልግም። ግን አሠራሩን ልብ ይበሉ። ወሰኑ ግልጽ ነው፤ «ትንሽ ቅቤ» የሚባል ነገር የለም። መግቢያውና መውጫው ቀን የታወቀ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራው ወጥ የጾም ነው፤ ምግብ ቤቱም በያይነቱ ይዞ ይጠብቃል። ጎረቤት፣ ባልደረባ፣ ቤተሰብ አብሮ ይጾማል። በየማዕዱ አዲስ ውሳኔ አይጠየቅም። ፋሲካ ሲነጋ ግን አካባቢው ሁሉ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል፤ 55 ቀን የቆየው ነገርም አብሮ ይሄዳል። ሰውየው በአንድ ሌሊት ቆራጥነቱ አልጠፋም። ዙሪያው ነው የተለወጠው።

ሁለተኛው ምሳሌ ዕቁብ ነው። ቤቱ 1000 ብር ማቆየት ያልቻለ ሰው ዕቁቡን ሳያጓድል ዓመት ይከፍላል። ቀኑ የተቆረጠ፣ መጠኑ የታወቀ፣ የሚጠብቅ ሰው ያለበት ስለሆነ ነው። ዳኛው ይደውላል፤ ዋሱ ያፍራል። ቆራጥነትን ከውስጥዎ ሲፈልጉ ከቆዩ፣ ከውጭ ይገንቡት። በራፍዎ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የሚጠብቅዎ ጎረቤት ካለ ይነሣሉ፤ እሱም ቢሆን የሚነሣው እርስዎ ስላሉ ነው። ሦስት ሆናችሁ የእግር ጉዞ ዕቁብ ብትጀምሩ፣ የቀረ ሰው የቡና ቢከፍል፣ ነገሩ ሳቅ ያለበት ይሆናል። በእኔ እምነት ማንኛውም የስልክ አፕሊኬሽን ይህን አይተካም።

መጥፎውን ልማድ ዝም ብዬ ልተው ወይስ በሌላ ልተካው?

በአብዛኛው መተካት ይቀላል፤ ምልክቱ አይቀርምና። ምሳ ይበላል፣ ቡና ይፈላል፣ አለቃ ይቆጣል። በዚያች ቅጽበት እጅ የሚሠራው ነገር ከሌለ ወደሚያውቀው ይመለሳል። ምሳ እንዳለቀ ሲጋራ የሚለኩስ ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ 5 ደቂቃ ቢራመድ ቦታውንም ድርጊቱንም አንድ ላይ ቀየረ።

ስኳር ግን በመተካት ሳይሆን በመቀነስ የሚሻል ይመስለኛል። በቀን 4 ሻይ በ3 የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 12 ማንኪያ፣ ማለትም 50 ግራም ያህል ይወስዳል፤ ያውም ለስላሳውንና ኬኩን ሳንቆጥር። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀን ወደ 25 ግራም ዝቅ ቢል ጤናማነቱ እንደሚጨምር ይመክራል። ከ3 ማንኪያ በአንዴ ወደ ባዶ ሻይ መግባት ምሬት ነው። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ይቀንሱ፤ ቀረፋና ቅርንፉዱን ጠንከር ያድርጉት። ምላስ ይላመዳል። ሦስት ወር ቆይተው የድሮውን ሻይ ቢቀምሱ ሽሮፕ ይሆንብዎታል። ጨውም በዚሁ መንገድ ይቀነሳል፤ ልኩ በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ገብቶባቸው ከሆነ ግን ወጡ ላይ ከመጨመርዎ በፊት ይቅመሱት። በየቤቱ ሳይታይ የሚገባው ጨው ይህ ነው።

ስልኬን ማስቀመጥ አልቻልኩም።

ስልኩን ሌላ ክፍል ያሳድሩት። ከዚህ የሚቀድም ምክር የለኝም። ትራስ ሥር ያለ ቲክቶክን በጉልበት መቋቋም በየምሽቱ የሚደገም ጦርነት ነው፤ ሳሎን ያለ ስልክ ግን ብርድ ልብስ ገልጦ መነሣትን ይጠይቃል። ያቺ ትንሽ እንቅፋት ብዙ ትሠራለች። «ማንቂያ ደወሌ እሱ ነው» ከሆነ ምክንያቱ፣ ርካሽ ሰዓት ይግዙ። የቴሌግራም ቻናሎችን ድምፅ መዝጋትም ይረዳል።

ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል። ማቆም አለብኝ?

ራስ ምታቱ ሰውነት ካፌይን መልመዱን ያሳያል። ብዙውን ጊዜ ካቆሙ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምርና በ9 ቀን ውስጥ ይለቃል። በልክ የተጠጣ ቡና ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ጎጂ አይደለም። የቡና ሥርዓታችን ደግሞ ከካፌይኑ በላይ ነው፤ ሰው የሚገናኝበት፣ ልብ የሚቃለልበት ሰዓት ነው። እንቅልፍዎ ደህና ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ካልሆኑ፣ ሐኪም ካልከለከለዎ ቡናውን ለማቆም የሚያስገድድ ነገር አላይም።

የምጠይቀው ሰዓቱን ነው። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ 5 ወይም 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት ከመኝታቸው 6 ሰዓት ቀድመው ብዙ ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፍ ከ1 ሰዓት በላይ ቀንሶ ተገኝቷል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣው አቦል ከምሽቱ 4 ሰዓት አልጋ ላይ አብሮዎ አለ ማለት ነው። የከሰዓቱን ቡና ወደ 8 ሰዓት መሳብ፣ ወይም አቦሉን ለሌሎች ትቶ በረካውን መጠጣት ቡናውንም ወዳጆችንም ሳያሳጣ ይረዳል። ማቆም ከፈለጉ ደግሞ በየጥቂት ቀኑ አንድ ስኒ እየቀነሱ ይሂዱ።

እኔ ልቀንስ ስል ዘመድ «በሞቴ» እያለ ያበላኛል። እንዴት እምቢ ልበል?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ ያስጨንቀኛል፤ በሁለቱም ወገን ያለው ፍቅር ነውና። እናት «አልበላህም፣ ከስተሃል» ስትል ምግቡን ሳይሆን ልጇን እያየች ነው። «ዳይት ላይ ነኝ» ብሎ ሳህን መግፋት እሷን መግፋት ሆኖ ይሰማታል። ከአክስት እጅ የመጣ ጉርሻም አይመለስም፤ እንዲመለስም አልመክርም።

የሚሠራው ከማዕዱ በፊት መናገር ነው፤ ምግብ ከቀረበ በኋላ ጊዜው አልፏል። ቀደም ብለው ይደውሉና «እማዬ፣ ሐኪሙ ስኳሬ ከፍ ብሏል ብሎኛል፤ እሑድ ስመጣ ጎመንና ምስር በሠራሽልኝ» ይበሉ። ያኔ እሷ የእንክብካቤዎ አካል ትሆናለች፤ በኋላ ሌላው ሲያስገድድዎ «ተዉት፣ አሞታል» ብላ የምትከላከልዎ እሷ ናት። በድግስ ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ መብላት ይጠቅማል። የጨረሰውን እንጂ የሚጎርሰውን ሰው ማንም አይወተውትም። ጠላ ወይም ጠጅ የማይጠጡ ከሆነ ብርጭቆዎ በሌላ ነገር የተሞላ ይሁን። ባዶ ብርጭቆ የሚያይ አሳላፊ ይቀዳል፤ ሥራው ነው። ጉርሻዋን ይጉረሱ፣ ይመርቁ፣ ከዚያ እርስዎም መልሰው ያጉርሱ።

አንድ ቀን ካቋረጥኩ እንደገና ከዜሮ ልጀምር?

አይደለም። ከላይ ያነሣሁት የለንደኑ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አያያዝ ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንዳልጎዳው አሳይቷል። ጉዳቱ የሚመጣው ከአንዱ ቀን ቀጥሎ ካለው ሐሳብ ነው። «አንዴ ቀምሻለሁ፣ እንግዲህ ይብላኝ» ብለው ሳህኑን ይጨርሱታል፤ አንዷ ሲጋራ ፓኬት ትሆናለች። ሦስት ሳምንት ከሄዱና አንድ ቀን ከቀሩ 20 ቀን አለዎት። የሚጠበቅብዎ ነገ ያቺኑ ትንሽ ነገር ማድረግ ብቻ ነው፤ የቀረውን ለማካካስ እጥፍ አይሥሩ።

ከአገር ከወጣሁ ወዲህ ልማዴ ሁሉ ተበላሸ። ለምን?

ልማዱ ታስሮበት የነበረው ነገር አገር ቤት ስለቀረ ነው። አዲስ አበባ ታክሲ ለመያዝ ይሄዱት የነበረው መንገድ፣ ገበያው፣ ፎቁ ሁሉ ሳይታወቅ እንቅስቃሴ ነበር። አሜሪካ ገብቶ መኪና የያዘ ሰው ከበር ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ወንበር ነው፤ የሚበላው እንጀራ ግን አልቀነሰም። በዚያ ላይ የሌሊት ሥራ እንቅልፉንና ማዕዱን ያዛባል። ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ከዓመታት የአዲስ አገር ኑሮ በኋላ ግን በብዛት ታየ። ደማቸው አልተለወጠም፤ ውሏቸውና ማዕዳቸው ነው የተለወጠው።

ይህ መንገድ በሌላ አቅጣጫም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከቬትናም የተመለሱ አሜሪካውያን ወታደሮች ሲጠኑ፣ በዚያ ሳሉ የሄሮይን ሱስ ከነበረባቸው አብዛኞቹ አገራቸው ሲገቡ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። ቤት፣ ሥራ ወይም ከተማ ሲቀይሩ አሮጌዎቹ ምልክቶች ለጥቂት ጊዜ ዝም ይላሉ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አያባክኗቸው፤ የሚራመዱበትን መንገድና የሚተኙበትን ሰዓት ያኔ ይቁረጡ። በዓረብ አገር በሰው ቤት የምትሠሪ እህቴ፣ ሰዓቱ የአንቺ እንዳልሆነ ይገባኛል። ለአንቺ 1 ሰዓት ስፖርት መምከር ስድብ ነው። የአንቺ የሆነች አንዲት ነገር ፈልጊ፤ ከመተኛትሽ በፊት ወገብሽንና እግርሽን የምታፍታቺባት 5 ደቂቃም ብትሆን።

ጫት፣ ሲጋራና መጠጥስ በዚሁ መንገድ ይተዋሉ?

በከፊል። እነዚህ ከልማድ በተጨማሪ ሰውነትን የሚይዝ ነገር አላቸው። ሲጋራ ላይ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በተለይ እስከ ሦስተኛው፣ ከባዶቹ ናቸው፤ ብስጭቱና እረፍት ማጣቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ሐራራ በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ ማሸነፍ ያለብዎ ቀኑን ሳይሆን እነዚያን ደቂቃዎች ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ቦታ ማጨስን ስለሚከለክል «እዚህ አታጭሱ» ማለት መብትዎ ነው። ጫት ላይ ደግሞ ድብርት፣ ድካምና ሌሊት የሚያስጨንቀው ዱካክ ይመጣሉ። ከዚያ በላይ የሚከብደው ግን ባዶው ከሰዓት ነው። በርጫው ወዳጅነት፣ ጨዋታ፣ አንዳንዴም የሥራ መገናኛ ነበር። ከ8 ሰዓት እስከ ማታ የሚሆነውን ሳያስቡ ጫት ማቆም ቤት ሳያገኙ ቤት መልቀቅ ነው። ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ የሚጨመርበት ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት አለበት።

አሁን የምጽፈውን እባክዎ በጥንቃቄ ያንብቡ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ ሲጠጣ የኖረ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ቀን ማቆም የለበትም። እጅ መንቀጥቀጥና ላብ ይጀምራል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ሰውነትን የሚያንዘፈዝፍ መውደቅ ሊመጣ ይችላል፤ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። ሕክምና አለው። ጤና ጣቢያ ሄደው «መጠጥ ላቆም ነው» ብለው ይንገሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና ይሰጣል። ቤተሰብም «ወንድ ከሆነ ዛሬ ይተወው» ብሎ አይገፋፋ፤ ጸበል የሚሄድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን አይተው።

ከዓመታት በፊት ያቆምኩት ነገር ለምን ተመለሰ?

አሮጌ ልማድ አይሰረዝም፤ በላዩ አዲስ ይጻፍበታል። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ፓቭሎቭ በውሾቹ ላይ ያየው ይህን ነው። ምግብ መምጣቱን ያሳያቸው የነበረው ምልክት ምግብ ሳይከተለው ብቻውን ሲደጋገም የውሾቹ ለሃጭ ቀረ፤ ከእረፍት በኋላ ምልክቱ ሲመለስ ግን ለሃጩም ተመለሰ። ሰውም የተወውን ነገር የሚያስታውሰው በተለመደው ቦታ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ባልረገጠው ቦታም ነው።

አንድ ዘመዴ 9 ዓመት ሲጋራ አልነካም ነበር። የተመለሰው ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ፣ ሌሊት፣ ካርታ ከሚጫወቱ የድሮ ወዳጆቹ ጋር፤ ሐዘን፣ ብርድና ጭስ አንድ ላይ ሆነው። ቤቱን፣ ቢሮውንና ቡና ቤቱን ሁሉ አጽድቶ ነበር፤ ድንኳኑን ግን አላሰበውም። ስለዚህ አንድ ነገር ካቆሙ በኋላ አልፎ አልፎ የሚመጡትን ቦታዎች ይጻፉ፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ የመስክ ሥራ፣ የትምህርት ቤት ወዳጆች መገናኛ። ለእያንዳንዱ የት እንደሚቀመጡና እጅዎ ምን እንደሚይዝ አስቀድመው ይወስኑ። ዘመዴ ሁለተኛ ካቆመ አሁን 3 ዓመት ሊሆነው ነው። ለቅሶ ሲደርስ ይመጣል፣ ያድራልም፤ ግን ከካርታው ወዲያ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጣል፣ ሌሊቱን ሙሉም ቡናውን የሚያድለው እሱ ነው።